ለያልማሪ የተገዛ ፕሮሰሰር

ማክሰኞ፣ ኦገስት 19

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ አራት ቁጥር መስመር ላይ። ከሆስፒታሉ ወደ ባቡር ጣቢያ፣ ከባቡር ጣቢያ ወደ ሆስፒታሉ… አስራ አንድ ዙር። አንዲት አሮጊት ጃንጥላቸውን ረስተው ወረዱ፤ ጠርቼ እስክሰጣቸው ሁለት ደቂቃ ዘገየሁ። ሌላ ምንም የለም።

አይ፣ አለ። ራይሞ ተሳፈረ። ከራሊ ክለቡ። ካርዱን አስነካና ወደኔ ጎንበስ ብሎ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፦

«አይላ! ይሄኛውስ አይቆምም አይደል?»

ከኋላ የተቀመጡት ነገሩ ሳይገባቸው ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ለምን ፈገግ አልኩ? አምስት ወር ሙሉ ለምንድን ነው የምፈግገው?

ረቡዕ፣ ኦገስት 20

አንዴ በሥርዓቱ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሰኞ ሰኞ እንነዳ ነበር። አስራ ስድስት ሰው፣ ሁሉም በየቤቱ፣ በየኮምፒውተሩ። የራሊ ጨዋታ። በረዶ፣ ጫካ፣ ጠባብ መንገድ፤ ተራ በተራ እየተነሱ ከሰዓት ጋር መሽቀዳደም። ስድስት ዓመት። ከፍቺው በኋላ ክረምቱን ያሻገረኝ እሱ ነው። ሰኞ ባይኖር ከኖቬምበር እስከ ማርች ከተሳፋሪ በቀር ከማን ጋር አወራ ነበር?

ማርች 10 የመጨረሻው ውድድር ነበር፣ ከሌላ ከተማ ክለብ ጋር። የኛ ቡድን በአራት ሰከንድ ይመራል። የመጨረሻዋ ተነሺ እኔ። ሌላው ሁሉ ጨርሷል፣ መንገድ ላይ ያለሁት እኔ ብቻ። አንድ ኪሎ ሜትር ሲቀረኝ ስክሪኑ ቀጥ አለ። ሁለት ሰከንድ። ሲመለስ መኪናዬ ዛፍ ላይ ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የክለቡ እራት። ያልማሪ ተነሳ። ሊቀ መንበራችን ነው፣ የጎማ ቤት ባለቤት፣ በከተማችን በካጃኒ ከኔ በላይ ነጂ የለም ባይ። (ደግሞ የለም። እውነቱን ነው። እሱ ነው የሚያበግነው።) ብርጭቆውን በማንኪያ ቀጭ ቀጭ አደረገና፦

«ዋንጫው የት ገባ ለምትሉ፣ አይላ ቤት በዘጠኝ ዓመት ኮምፒውተር ውስጥ ቀልጦ ቀርቷል። ጥፋቱ የኔ ነው! የአውቶቡስ ሹፌር ራሊ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ፌርማታ መስሏት ቆመች!»

የአባላቱን ባልና ሚስት ጨምሮ ሠላሳ ሰው ሳቀ። ራይሞ ጠረጴዛ እየደበደበ። በማግስቱ ስሜ ከቡድኑ ዝርዝር ተሰረዘ። አንዲት መስመር መልእክት፦ «ማሽንሽን እስክትቀይሪ።»

አልቀየርኩም። አልደወልኩም። ሰኞ ሲመጣ ልብስ አጥባለሁ።

ጻፍኩት። አልወጣልኝም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 23

እህቴ ሄልካ ጋ፣ ሐይቁ ዳር። ሳውና። ሄልካ ፀጉር አስተካካይ ናት፤ የከተማው ወሬ ሁሉ በመቀሷ ሥር ያልፋል።

«የያልማሪ ሚስት ትናንት መጥታ ነበር» አለች ፍሙ ድንጋይ ላይ ውሃ እየደፋች። «ኦክቶበር 18 ስፖርት አዳራሹ ውስጥ ትልቅ ውድድር አለ። የራሱን ኮምፒውተር ተሸክሞ ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው።»

«ምን አገባኝ?»

«አዎ፣ ምን አገባሽ። ለዚህ ነው እንደ ቲማቲም የቀላሽው።»

«ሙቀቱ ነው።»

«የአምስት ወር ሙቀት! ስሚኝ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም። ወይ ተዪው፣ ወይ ሄደሽ አሳዪው። እኔን ግን በየሳምንቱ በዚህ ፊት አታድርቂኝ።»

ሐይቁ ውስጥ ገብቼ ጥርሴ እስኪንገጫገጭ ቆየሁ። ልተወው ሞከርኩ። የምሬን ሞከርኩ… ያቺ «ፌርማታ» የምትል ቃል ብቻ እየተመላለሰች።

ወጥቼ ፎጣ ሳልይዝ «አሳየዋለሁ» አልኳት።

«መጀመሪያ ልበሺ» አለች።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 26

ያልማሪ ባለ አስራ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል፤ ኮሮቹ ሠራተኞቹ) እንዳለው ያልሰማ የለም። ስለዚህ እኔ ባለ አስራ ስድስት። ምን ማሰብ ያስፈልጋል?

ከሥራ በኋላ ኡንቶ ሱቅ። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው። ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር፤ አሁን አዲስም ያገለገለም የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣሉ። ሱቁ የአቧራና የካራሜላ ሽታ አለው።

«ባለ አስራ ስድስት ኮር፣ ያለውን ትልቁን» አልኩ።

«ለምን ሥራ?»

«ለጨዋታ። ለራሊ።»

«ፊልም ታቀናብሪያለሽ?»

«አላቀናብርም። አንድ ሰው ማሸነፍ ነው የምፈልገው።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። «ሰው በኮር ብዛት አይሸነፍም፣ ልጄ። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«አውቶቡስ እነዳለሁ።»

«እንግዲያው ይገባሻል። ፌርማታ ላይ አንድ ተሳፋሪ ብቻ አለ እንበል፤ እሱም ቸኩሏል። አስራ ስድስት አውቶቡስ ብትልኪለት ቶሎ ይደርሳል?»

«በአንዱ ነው የሚሄደው።»

«በቃ! የራሊ ጨዋታሽ ያ ተሳፋሪ ነው። ጥቂት ፈጣን ኮሮች ይበቁታል። የቀሩት ቆመው ይጠብቃሉ፣ አንቺ ግን የሁሉንም ትከፍያለሽ።»

ፌርማታ አሉኝ እሳቸውም! በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ። ምክር ፈልጌ መሰላቸው? ያልማሪን በቁጥር መብለጥ ነው የፈለግኩት። አስራ ስድስት ከአስራ ሁለት ይበልጣል። ማንም ሕፃን ያውቀዋል።

ሐሙስ፣ ኦገስት 28

በምሳ ሰዓት ሦስት የተለያየ ሰው የሠራውን የፕሮሰሰር ፍተሻ በኢንተርኔት አየሁ። ሽማግሌው ልክ ናቸው። ያናድዳል።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 30

የቀረፋ ዳቦ ገዝቼ ኡንቶ ጋ ተመለስኩ። ስለ በሩ ምንም አላሉም። ዳቦውን ግን ከሁለቱ ትልቁን አነሱ።

አስቀምጠው አስረዱኝ። ያለኝ ግራፊክስ ካርድ፣ ምስሉን የሚስለው፣ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ደህና ነው። ችግሩ አሮጌው ፕሮሰሰር ነው፤ ካርዱ ሥራ አጥቶ ይጠብቀዋል። «ጎበዝ ውሃ ቀጂ ይዘሽ ባልዲ አቀባዩ አንካሳ ሲሆን ማለት ነው።»

ከዚያ ሁለት አወጡ። አንዱ ያ ባለ አስራ ስድስት። ሌላው ባለ ስምንት፣ ግን ካሹ ሰፊ። ካሽ ፕሮሰሰሩ እጅ ሥር ያለ ጓዳ ነው አሉኝ፤ የሚፈልገውን ዕቃ እዚያው ካገኘ እስከ ሩቁ መጋዘን፣ እስከ ራም ድረስ አይመላለስም። የመኪና ውድድር እንደዚህ ያለ ጓዳ ይወዳል።

«አማካዩን የምስል ፍጥነት አትዪ» አሉ፣ አንድ ወረቀት ላይ በእርሳስ እያሰመሩ። «ዝቅ የሚለውን እዪ። ኩርባ ላይ ስትገቢ፣ በረዶው ሲቦን፣ ያኔ የት ድረስ ይወርዳል? ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው።»

በዚያ መለኪያ ስምንቱ አስራ ስድስቱን ይበልጣል። ዋጋውም ይቀንሳል። ግን ስምንት… ያልማሪ ሲሰማ ምን ይላል? «ግማሽ ብቻ ነው ያላት?» ይላል። በጆሮዬ ሰማሁት።

«ከሱ ጋር ነው የምትጫወቺው ወይስ ከዕቃው ሳጥን?» አሉኝ ኡንቶ።

«አንድ ሰው» ከማለት በቀር ስለ ያልማሪ አልነገርኳቸውም። ፊቴ ላይ ተጽፏል ማለት ነው።

ስምንቱን ወሰድኩ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 3

ፕሮሰሰሩ አዲስ ሶኬት፣ መሰኪያ ቦታ፣ ይፈልጋል፤ ሶኬቱ አዲስ ማዘርቦርድ፣ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ሰሌዳ፤ ማዘርቦርዱ አዲስ ራም። አንዱን ስትነካ ሁሉም ይከተላል።

ሦስት ማዘርቦርድ ጠረጴዛ ላይ። የመጀመሪያው ርካሽ፤ ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያከፋፍልበት ቦታ ላይ ማቀዝቀዣ ብረት እንኳ የለውም። «ለቢሮ ይሆናል። አንቺ ሦስት ሰዓት ስትነጂበት ይግላል፤ ሲግል ፕሮሰሰሩን ይይዘዋል» አሉ። ሁለተኛው… የሠርግ አዳራሽ። ቀይ ሰማያዊ መብራት፣ እንደ ጋሻ የሚያበራ ብረት። ስፖርት አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ ሲንቦገቦግ ታየኝ። የያልማሪ ዓይን ሲጠብ ታየኝ። እጄ ሄደ።

«ጀርባውን ቁጠሪ» አሉ ኡንቶ።

«ምኑን?»

«የዩኤስቢ ቀዳዳውን። ምን ምን ትሰኪያለሽ?»

መሪ፣ ፔዳል፣ ማርሽ፣ የእጅ ፍሬን፣ ማዳመጫ፣ ኪቦርድ፣ ማውስ። ሰባት። የሠርግ አዳራሹ ስድስት ብቻ። ሦስተኛው፣ ጥቁርና ጭር ያለው፣ ስምንት። ማቀዝቀዣው ወፍራም፣ የኮምፒውተሬ ሳጥን ውስጥም ይገባል። ባዮሱ፣ ማስነሻ ፕሮግራሙ፣ አዲሱን ፕሮሰሰር ባያውቀው እንኳ በፍላሽ ብቻ ይታደሳል፤ ሌላ ፕሮሰሰር መለመን የለም።

ጭር ያለውን ገዛሁ። ክፋት መብራት አያስፈልገውም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 7

ከጠዋት ጀምሮ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ። ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ በጣም ንጹሕ እጅ። ፕሮሰሰሩን ሶኬቱ ላይ ሳስቀምጥ ትንፋሼን ያዝኩ። በዚያች የክብሪት ቀፎ በምታህል ቦታ ላይ ከሺህ በላይ ፒን… አንዱ ቢታጠፍ አለቀ። ዘንጉን ስጫነው ቀጭ አለ። እኔም ቀጭ ያልኩ መሰለኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ ጨረስኩ። አበራሁት። ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ጥቁር።

ጥቁር።

ሁለት ደቂቃ። ሦስት። አንድ ብርቱካንማ መብራት ማዘርቦርዱ ላይ ፍዝዝ ብሎ። አልቅሼ ነበር፣ አልክድም። ያልማሪ የሳቀው ሳቅ ወጥ ቤቴ ድረስ መጣ። ኡንቶ ጋ ደወልኩ።

«አቃጠልኩት!»

«ሸተተ?»

«አልሸተተም።»

«ጨሰ?»

«አልጨሰም።»

«እንግዲያው እጅሽን ሰብስቢና ተቀመጪ። ራሙን እየለመደ ነው። መጀመሪያ ቀን እንደዚህ ነው። እንዳታጠፊው!»

«እስከ መቼ?»

«ሾርባዬን እስክጨርስ። አትዝጊው ስልኩን።»

ሾርባ ሲጠጡ እየሰማሁ ጥቁር ስክሪን አየሁ። ድንገት በራ። ጮህኩ። «ሰማሁ» አሉና ዘጉት።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ነዳሁ። ብቻዬን፣ በዚያው በማርቹ መንገድ። እንደ ቅቤ። በረዶው ሲቦን እንኳ አንዴም አልተንተባተበም። ስድስት ሰከንድ አሻሻልኩ።

እስከ ዛሬ በጭጋግ ውስጥ ነበር እንዴ የምነዳው?

አርባ ቀን ቀረኝ። ያልማሪ ሆይ፣ ብላ፣ ጠጣ፣ ተኛ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 20

ጃኬቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

አሮጌውን ማዘርቦርድ ኡንቶ ጋ ወሰድኩት፤ የተጣለ ዕቃ ይሰበስባሉ። «እዚያ ካርቶን ውስጥ ጣዪው» አሉ። ካርቶኑ ውስጥ ከላይ አንድ ሌላ ቦርድ ተጋድሟል፤ አራት ካፓሲተር፣ እንደ ትንንሽ በርሜል ያሉት፣ አናታቸው አብጦ፣ አንዱ ፈንድቶ ቡናማ ፈሳሽ ደርቆበታል። ኡንቶ የሚረከቡት ዕቃ ላይ ሁሉ ወረቀት ይለጥፋሉ። አነበብኩት፦

«ያልማሪ ጎማ ቤት። የክለብ ሰርቨር። በመሐል ይቆማል። ማርች 12።»

ደጋግሜ አነበብኩት። በመሐል ይቆማል።

ሰርቨሩ። ሁላችንም ተገናኝተን የምንነዳበት ኮምፒውተር፣ ጎማ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ያለው። ማርች 10 የቆመው የኔ ማሽን አልነበረም። ሰርቨሩ ነው። መንገድ ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ማንም ሌላ አላየውም።

«ይሄን ሲያመጣው ምን አለ?» አልኩ።

«ማን? ያልማሪ? ሰኞ ዕለት ውድድር መሐል ቀጥ አለብኝ አለ። እኔም አበጠ አልኩት። አዲስ ገዝቶ ሄደ። ምነው?»

ማርች 12 ያወቀ ሰው ማርች 15 ብርጭቆውን በማንኪያ መታ። ሦስት ቀን! እያወቀ። ፌርማታ መስሏት…

ለኡንቶ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ይሄን ቦርድ ስጡኝ» አልኩ።

«የሰው ጉዳይ ውስጥ መግባት አልወድም።»

«የተጣለ ዕቃ ነው።»

«እሱስ ነው።» በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ብቻ ልጄ፣ ስትመቺው በአንዴ ይሁን። ቀስ እያሉ መምታት መቺውንም ያበላሻል።»

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 22

ለሄልካ ነገርኳት። «አሁኑኑ ሚስቱ ጋ ልደውል!» ብላ ስልክ አነሳች። ቀማኋት። አይሆንም። ሠላሳ ሰው ፊት ነው የተዋረድኩት። ሠላሳ ሰው ፊት ይሆናል።

እስከዚያ በየቀኑ ሁለት ሰዓት እነዳለሁ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ትናንት ነበር። ሁሉንም ልጻፍ።

ሄልካ በመኪናዋ አደረሰችኝ። ኮምፒውተሩን በኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ አስረንለት። አዳራሹ ውስጥ ሃያ አራት ጠረጴዛ። የኔ ከያልማሪ ፊት ለፊት። ዕጣ ነው፤ እኔ አላደረግኩትም።

«አይላ!» አለ እጁን ዘርግቶ፣ ፊቱ ሁሉ ጥርስ። «መጣሽ! ትርፍ ፊውዝ ይዘሻል?»

ራይሞ ሳቀ። ኬብሎቼን ሰካሁ። ከዚያ ቦርሳዬን ከፍቼ ያንን ቦርድ አወጣሁና ስክሪኔ ጀርባ ላይ አስደግፌ አቆምኩት። ወረቀቱ ወደ እሱ። አላቀድኩትም ነበር። ለመጨረሻ ነበር ያስቀመጥኩት… እጄ ቀደመኝ።

አየው። ጥርሱ ተራ በተራ ገባ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጌጥ።»

ጥቂት ቆይቶ ኮሪደሩ ላይ ደረሰብኝ። ግንባሩ ወዝቷል።

«አይላ፣ ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«በማርች በተናገርክበት አፍ፣ ያኔ በነበሩት ሰዎች ፊት፣ እውነቱን ተናገር።»

«በውድድሩ ቀን? ሰው ሁሉ ተሰብስቦ? ከዚህ በኋላ በግል…»

«እኔ በግል ነው የተዋረድኩት?»

መሬት መሬት አየ። «ዋንጫው በኔ ሰርቨር ጠፋ ብል ሊቀ መንበርነቱ… ደነገጥኩ። ቀልድ አደረግኩት።»

«አሁን የመቀለዱ ተራ የኔ ነው» አልኩና ገባሁ።

ውድድሩ ተጀመረ። ያልማሪ በመጀመሪያው መንገድ፣ ሁለተኛው ኩርባ ላይ መንገድ ስቶ ወጣ። ያልማሪ! በሁለተኛው መንገድ ተገለበጠ። ቀና ባለ ቁጥር ያንን ቦርድ ያያል። አስራ ዘጠነኛ ወጣ። እኔ ከሶትካሞ የመጣ አንድ ዝምተኛ ሰውዬን በስድስት ሰከንድ ቀድሜ አንደኛ።

ማይክሮፎን ሰጡኝ። ቦርዱን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ምን እንደሆነ፣ ምትኩ መቼ እንደተገዛ፣ መቼ እንደተቀለደ። ቀን በቀን ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም። የያልማሪ ሚስት ማይሬ ዳቦ የሞላ ትሪ ይዛ መሐል ላይ ቆማ ቀረች።

«ያልማሪ፣ እውነት ነው?» አለች ከዚያው።

«እውነት ነው» አለ።

ጃኬቱን አነሳ። ኮምፒውተሩን እንደበራ ትቶት ወጣ። እሷም ትሪውን ወንበር ላይ አስቀምጣ ተከተለችው።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለማን ብዬ እዋሻለሁ? ጣፈጠኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ሄልካና እኔ እስከ በሩ ድረስ ዘፈንን።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

አሁንም ጣፋጭ ነው። ትንሽ ቀንሷል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

ራይሞ ተሳፈረ። ያው ጎንበስ ብሎ፣ ያው ድምፅ፦

«አይላ! ያበጠው ፈነዳ አይደል? ሰርቨሩም አብጦ፣ ሰውየውም አብጦ! ኪ ኪ ኪ…» የገንዘብ መቀበያውን እየደበደበ።

ያው ሳቅ ነው። እጁም ያው። የተለወጠው የሚሳቅበት ሰው ብቻ።

«በማርች ጠረጴዛ የደበደብከው አንተ ነህ» አልኩት።

«ኧረ ቀልድ ነበር እኮ!»

አውቶቡሱን አቆምኩ። በሩን ከፈትኩ። «ደርሰሃል።»

«እንዴ፣ ሁለት ፌርማታ ይቀረኛል…»

«ደርሰሃል፣ ራይሞ።»

ዝናብ ነበር። በመስታወት አየሁት፣ ኮቱን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ። ለአለቃዬ ቢከሰኝ ይክሰሰኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

የቅዳሜውን ውድድር ቅጂ ከፈትኩ። የያልማሪን አነዳድ። ያ ሰውዬ ያልማሪ አይደለም። መንገዱን አያይም፣ ቀጥታው ላይ እንኳ ይንገዳገዳል። አንድ የፈራ ሰው መሪ ይዞ ነው።

የሶትካሞውን ሰውዬ ነው ያሸነፍኩት። ያልማሪን ማን አሸነፈው? ቦርዱ።

ሰባት ወር፣ አዲስ ፕሮሰሰር፣ አዲስ ማዘርቦርድ፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት… ለዚህ ነው?

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

የክለቡ ስብሰባ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ። የቡድን ቦታዬን መለሱልኝ። ሊቀ መንበርነቱን ያልማሪ ራሱ አስቀድሞ በደብዳቤ ለቋል። የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ያልማሪ ከክለቡ ይባረር? ያቀረበው ራይሞ። ከሰው ሁሉ ራይሞ!

ያልማሪ በሩ አጠገብ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል። ከስቷል ወይስ መስሎኝ ነው?

ይባረር የሚሉ፣ ሰባት እጅ። ይቆይ የሚሉ፣ ሰባት። እሱ ድምፅ የለውም። ሁሉም ወደኔ ዞረ።

ስንት ጊዜ አልሜዋለሁ ይቺን ደቂቃ። አውቶቡስ ውስጥ፣ ሳውና ውስጥ፣ ሐይቅ ውስጥ።

«ይቆይ» አልኩ።

«ምን?» ራይሞ ከወንበሩ ተነሳ። «አንቺ ነሽ የምትይው? አንቺ?»

«ሰርቨሩ ከጎማ ቤት ይውጣ። የቡድኑን ዝርዝር እሱ አያውጣ። ግን ይንዳ።»

ውጭ ብስክሌቴን ስፈታ ያልማሪ መጣ።

«ለምን?»

«አዝኜልህ እንዳይመስልህ።»

«አልመሰለኝም።»

«አዳራሹ ውስጥ አልነዳህም። ያልነዳን ሰው ማሸነፍ ማሸነፍ አይደለም፤ አልፈልገውም።»

«አይላ፣ ያን ቀን እኔ…»

«አሁን አትንገረኝ። ሰኞ ና፣ እንደምታውቀው አድርገህ ንዳ።»

ቆሞ ቀረ። ብስክሌቱን ረገጥኩ። ከንዴት።

ለሄልካ ስነግራት «አብደሻል» አለች። ቆየችና «እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው» አለች። ውሸቷን ነው። እሷ ታባርረው ነበር።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

ጠዋት የመጀመሪያው በረዶ። መስመሩ ሁሉ ዘገየ። አመሻሽ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በአዲሱ ሰርቨር የመጀመሪያው ውድድር። አስራ ስድስታችንም።

አስራ አምስተኛ ተነሺ እኔ፣ የመጨረሻው ያልማሪ። ስድስት ደቂቃ ከአርባ አንድ ሰከንድ ከሦስት። ከዚህ በፊት በዚህ መንገድ ማንም አላስመዘገበውም። መሪውን ለቅቄ የእሱን ማየት ጀመርኩ። ነዳ። አቤት አነዳዱ! እንደ ድሮው፣ ዛፉን እየላሰ። ውስጤ «ውጣ፣ ውጣ፣ ውጣ» ይላል። አልወጣም።

ስድስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ከአምስት። በስምንት አስረኛ ሰከንድ ቀደመኝ።

የማሽኔን መዝገብ ከፈትኩ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀጥ ያለ መስመር፤ አንድም ቦታ አልወረደም። ፕሮሰሰሩ ግማሽ እንኳ አልደከመም። ሰርቨሩ አልቆመም። ቤቱን ሁሉ በዓይኔ ዞርኩ። የማመካኝበት ነገር አጣሁ።

አስራ አራቱም ማዳመጫው ላይ ናቸው። እየጠበቁ። ምን እንደምል። ምን እንደሚል።

ጥርሴን ነከስኩ። «በደንብ ነዳህ፣ ያልማሪ።»

ማይክሮፎኑ ሲነካካ ይሰማል። ከዚያ፦

«ማርች አስር አንቺም በደንብ ነድተሽ ነበር። ዋንጫው ያንቺ ነበር። እያወቅኩ ነው ሳላወራው የቀረሁት።»

ማንም አልሳቀም። ራይሞም።

አልማርኩትም መሰለኝ። አላውቅም… ማዳመጫውን አውልቄ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ የእሱንና የኔን ቅጂ ጎን ለጎን ከፈትኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ አየሁ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፍሬን የያዝኩት ቀድሜ ነው። በጣም ቀድሜ። እሱ አልያዘም።